«ካልሲየሙ ሠርቶላታል»

ግንቦት ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሊጥል ሲያጉረመርም አንዲት እናት ልጇን አስከትላ ገባች። ለትንሹ ልጇ የትኩሳት ሽሮፕ ልትገዛ ነው የመጣችው። ከፍላ ልትወጣ ስትል መለስ አለችና የልጅቷን ቀኝ እጅ አንስታ ባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረጋችልኝ።

«ዶክተርዬ፣ እስቲ እይው። ያኔ የሰጠሽን ካልሲየም ሠርቶላታል። አንድ ነጥብ አልቀረም። እግዜር ይስጥሽ።»

አየሁት። አምስቱም ጥፍሮች ንጹሕ ናቸው፤ ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ጫፋቸው በወጉ የተቆረጠ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣኝም። ምስጋናው እንደማይገባኝ ግን በዚያችው ደቂቃ አውቅ ነበር። ከልጅቷ እጅ አጠገብ መስታወቱ ላይ ያረፈው የራሴ ግራ እጅ፣ የቀለበት ጣቱ ጥፍር ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ነበረበት። ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ መቼስ እንደሚሄድ ከወራት በፊት ጀምሮ እየለካሁ አውቀዋለሁ። ካልሲየም አላመጣውም፤ ካልሲየምም አይወስደውም።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር መድኃኒት ቤት በፋርማሲስትነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በእነዚህ ዓመታት ጣቱን ዘርግቶ «ይህ የምን እጥረት ነው?» ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው። ሹፌሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ ከዓረብ አገር ለዕረፍት የመጣችው፣ ጋቢ ለብሰው በዱላ የሚመጡት አባት፣ ሁሉም አንድ መልስ ይዘው ነው የሚመጡት። ካልሲየም ነው ይሉኛል። ትንሽ ያነበቡት ደግሞ ዚንክ ይላሉ። እኔም ለረጅም ጊዜ እጄን ወደ መደርደሪያው ሰድጄ የተጠየቅሁትን አወርድ ነበር።

እነዚያ እናትና ልጅ መጀመሪያ የመጡት መስከረም መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ነበር። ልጅቷ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። ቀኝ እጇ ላይ፣ አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚ ጣቷና የመሐል ጣቷ ጥፍሮች ላይ ነጫጭ ነጥቦች ነበሩባት። ትልቋ የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች፤ ሌሎቹ ጤፍ ነው የሚያካክሉት። ነጥቦቹን ያየችው መምህርቷ ናት። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ በተሰበሰቡበት፣ «ይህቺ ልጅ ካልሲየም ጎድሏታል፤ ወተት አታጠጧትም እንዴ?» ብላ ጠይቃታለች። መምህርቷ በክፋት አላለችውም፤ አስባላት ነው።

እናቲቱ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምትተዳደረው። የጣቶቿ ጫፍ በውኃና በሳሙና ብዛት ተጨማድዶ ነበር። ነገሩን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አበላታለሁ እኮ» አለችኝ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ነጥቧ የጥፍር ነገር መሆኗ ቀርቶ ክስ ሆናባት ነበር። ልጅሽን አታበይም የሚል፣ ድህነትሽ እጇ ላይ ተጽፏል የሚል ክስ። እኔም ያንን ክስ ከላይዋ ማንሳት ስችል ማኅተም መታሁበት፤ የካልሲየም ሽሮፕ ሸጥኩላት። የሁለት ቀን የአጠባ ገንዘቧን ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለችኝ።

ልትወጣ ስትል በር ላይ ሆና ያለችኝን ግን ጆሮዬ እንጂ ልቤ አልሰማውም። «ደግሞ ይህቺ ልጅ አፈር ትበላለች። የግድግዳውን ጭቃ እየፋቀች ነው የምትልሰው። ብቆጣት፣ ብመክራት አልተወችም።» እኔ ሳቅ ብዬ «ልጅ ናት፣ ስታድግ ትተወዋለች» አልኳት።

የቀረውን የሰማሁት በግንቦቱ ቀን ነው። ኅዳር ላይ ልጅቷ ሲደክማት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ቁጭ ስትል ጊዜ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ደሟ ሲመረመር ክፉኛ አንሶ ተገኘ። የአንጀት ትላትል መድኃኒትና የአይረን ሽሮፕ ሰጧት፤ አይረኑን ሦስት ወር ወሰደች። አሁን ትሮጣለች፣ እንጀራ ትጨምራለች፣ አፈሩንም ሳይነግሯት ትታዋለች። እናቲቱ ይህን ሁሉ እንደ ሌላ ወሬ ካወራችልኝ በኋላ ነው የጥፍሩን ምስጋና ያመጣችው። ሁለቱ ነገሮች ለእርሷ አይገናኙም። ደም ማነሱን ያዳነው ጤና ጣቢያው፣ ነጥቡን ያዳነው የእኔ ካልሲየም ነው።

እኔ ከዚህ ነገር ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ። ልጅ ሆነን በእኛ ሰፈር ጥፍሩ ላይ ነጥብ የወጣበት ልጅ አዲስ ልብስ ይገዛለታል እንባባል ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ ስንት ነጥብ እንዳለን እንቆጥራለን። ከፍ ስንል ልብሱ ቀርቶ ካልሲየም ሆነ። ማን እንደነገረን አላስታውስም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አምስት ዓመት ስማር ማንም መምህር «ነጭ ነጥብ ካልሲየም ነው» አላለኝም፤ «አይደለም» ያለኝም የለም። ከቤት ይዤው ገባሁ፣ ነጭ ጋውን ደርቤበት ወጣሁ። ሰው የሚያምነኝ ጋውኑን አይቶ ነው፤ እኔ ስሰጠው የኖርኩት ግን የሰፈሬን ወሬ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ዓይኔን የገለጠልኝ የራሴ ጣት ነው። የጥር ሚካኤል ማግስት የመድኃኒት መሳቢያ ስዘጋ የግራ እጄን የቀለበት ጣት ያዘኝ። የያዘኝ ጥፍሩ ላይ አልነበረም፤ ከጥፍሩ ሥር፣ ቆዳው ላይ ነው። ትንሽ አመመኝ፣ ነፋሁበት፣ ማታውን ረሳሁት። ጥፍሩ አልጠቆረም፣ አልተሰነጠቀም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከጥፍሬ ሥር፣ ከቆዳው ጠርዝ ላይ አንዲት ነጭ ነገር ብቅ አለች።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ አየችና «ጾሙ ጎድቶሻል፣ ካልሲየም ጀምሪ» አለችኝ። እርሷም ፋርማሲስት ናት። እናቴም በስልክ ስነግራት ጊዜ፣ «55 ቀን ወተት ሳይነካ፣ እንቁላል ሳይነካ፣ ምን ይጠበቃል ታዲያ?» አለች። ነገሩ ይመስላል። ጾም ገባ፣ ወተት ቀረ፣ ነጭ ነጥብ ወጣ። ማንም ሰው የሚያገናኘው ነው።

ግን ጥፍር የሚበቅልበት ቦታ ዓይናችን የሚያየው ቦታ አይደለም። ሥሩ ከቆዳው በታች፣ ወደ መገጣጠሚያው ገባ ብሎ ነው ያለው። እዚያ የተሠራው ጥፍር ቆዳውን አልፎ ብቅ እስኪል ድረስ ከወር በላይ ይፈጃል። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእግር ጥፍር ደግሞ ከዚህ ግማሽ ያህሉን። ስለዚህ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ብቅ ያለችው ነጥብ የተሠራችው ጥር ላይ ነው፤ ከረቡዕና ዓርብ በቀር በየቀኑ ማኪያቶ በምጠጣበት ጊዜ። ወተት ባልጎደለበት ወር የተሠራችን ነጥብ በወተት እጥረት ልንከስስ አንችልም።

እዚያው ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በየሳምንቱ እሑድም በልጆች ማስመሪያ ከቆዳው ጠርዝ እስከ ነጥቧ ያለውን እለካ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ነጥቧ ከሥሩ ለቅቃ ወደ መሐል ተጉዛለች። እናቴ ለበዓል ስሄድ እጄን ይዛ ተመለከተችና ደስ አላት። «አየሽ? ዱልዱም ጥፍር እንኳ ወተት ሲያገኝ ይታዘዛል» አለች። ወተት ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው።

ነጥቧ ምንድን ናት ታዲያ? ሐኪሞች ሊውኮኒኪያ ይሏታል፤ በግሪክኛ ነጭ ጥፍር ማለት ነው። ጥፍር የሚሠራው ከኬራቲን ነው፤ የበሬ ቀንድና ሰኮና ከሚሠሩበት ከዚያው ነገር። ከሥሩ ያሉት ሕዋሳት ሕያው ሆነው ይወለዳሉ፤ ወደ ላይ ሲገፉ አስኳላቸውን ያጣሉ፣ ይደርቃሉ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ሽፋን ይሆናሉ። ሮዝ ቀለሙ የጥፍሩ አይደለም፤ ከሥር ያለው ደም ነው የሚታየን። ሥሩ ላይ ምት፣ ጫና ወይም ቁንጥጫ ሲደርስ ግን ለጊዜው ሥራው ይዛባል። አንዳንድ ሕዋሳት አስኳላቸውን እንደያዙ፣ በወጉ ሳይጣበቁ ይወጣሉ። ብርሃን እዚያ ሲደርስ ማለፉ ቀርቶ ይበተናል፤ የተበተነ ብርሃን ደግሞ ለዓይን ነጭ ነው። ልብስ የሚያጥብ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል። ሳሙናው አረንጓዴ ይሁን ቢጫ፣ አረፋው ነጭ ነው። አረፋው ውስጥ የተጨመረ ነጭ ነገር የለም፤ ነጥቧም ውስጥ እንደዚሁ የጎደለ ነጭ ነገር የለም።

ካልሲየም የሚለው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። ወተት ነጭ ነው፣ አጥንት ነጭ ነው፣ ኖራ ነጭ ነው። ነጭና ጠንካራ ነገር ስናይ ካልሲየም እንላለን። ጥፍር ውስጥ ያለው ካልሲየም ግን ከክብደቱ አንድ በመቶ አይሞላም፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው ኬራቲኑ ነው። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው ያለው። ከምግብ ሲጎድል ሰውነት ደሙ ውስጥ ያለውን መጠን ለመጠበቅ ከአጥንት ይበደራል፤ ጥፍር ላይ ወጥቶ አያሳብቅም። አጥንቱ በዝምታ ይሳሳል። ጥፍሩን አይቶ ካልሲየሙ ደህና ነው ብሎ የሚጽናናም ሰው ያው ተሳስቷል።

የጥፍርን እድገት በማጥናት ዊሊያም ቢን የተባለውን አሜሪካዊ ሐኪም የሚያህል ትዕግሥተኛ አላውቅም። በየወሩ መጀመሪያ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ፣ ከቆዳው ጠርዝ፣ በሞረድ ጫር ያደርግና ጭረቷ ጫፍ እስክትደርስ ይጠብቃል። ይህን ለ35 ዓመት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በ32 ዓመቱ ጥፍሩ በቀን 0.123 ሚሊ ሜትር ያድግ እንደነበር፣ በ67 ዓመቱ 0.095 ላይ እንደወረደ ጽፏል። እኔ በማስመሪያዬ የለካሁት ከዚህ ብዙም አልራቀም። አንድ ሰው ዕድሜውን በገዛ ጥፍሩ እየጫረ ለሌሎች ማወቂያ ማድረጉ ልቤን ነክቶታል።

እና እዚህ ላይ ነው የመድኃኒት ቤቱ ጥፋት የሚገባን። የእጅ ጥፍር ከሥር እስከ ጫፍ ተለውጦ ለማለቅ ስድስት ወር ያህል ይበቃዋል። ሰው ነጥቧን የሚያያት ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገዷን ካጋመሰች በኋላ ነው። ያን ጊዜ የካልሲየም ጠርሙስ ብንሰጠው፣ ጠርሙሱ አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ ነጥቧ ጫፍ ደርሳ በጥፍር መቁረጫ ትሄዳለች። ዚንክ ብንሰጠውም ትሄዳለች፤ ጠበል ቢጠጣም፣ ምንም ባያደርግም ትሄዳለች። ምስጋናው ግን ሁልጊዜ ለጠርሙሱ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው «ሠርቶልኛል» እንዳለኝ ሳስብ፣ ያ ሁሉ ምስክርነት የጥፍርን የአረማመድ ፍጥነት ከመናገር በቀር ሌላ ነገር እንዳልነገረኝ አሁን አያለሁ። ልጆች ላይ ነጥቡ የሚበዛውም ስላልበሉ አይደለም። ስለሚጫወቱ ነው። ይወድቃሉ፣ በር ይቆነጥጣቸዋል፣ ጥፍራቸውን ይነክሳሉ። አዋቂዎች ላይ ደግሞ ማኒኪዩር ስንሠራ የጥፍር ሥር ቆዳችንን በብረት ስናስገፋው ብዙውን ጊዜ እዚያ ይጀምራል።

የዚንክን ነገር ግን በአንድ ቃል ማለፍ አልችልም። ከልጅቷ አፈር ጋር ይገናኛልና።

እ.ኤ.አ. በ1958 አናንዳ ፕራሳድ የተባለ ትውልደ ሕንድ ሐኪም ኢራን ውስጥ ሺራዝ ከተማ ሲሠራ አንድ ታካሚ ቀረበለት። ዕድሜው 21 ነው፤ ለሚያየው ግን የ10 ዓመት ልጅ ይመስላል። ለአቅመ አዳም አልደረሰም። ቆዳው ሻካራ፣ ጉበቱና ጣፊያው ያበጡ፣ ደሙ ክፉኛ ያነሰ። ምግቡ በአብዛኛው ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ነው፤ ሥጋ አይቀምስም ማለት ይቻላል። አፈር ደግሞ ይበላል። እንደ እርሱ ያሉ ሌሎችም ተገኙ። የአይረን እጥረቱ ደም ማነሱን ያስረዳል፤ ቁመት መቀጨጩን ግን አያስረዳም። ፕራሳድ ዚንክን ጠረጠረ፤ ቆይቶ ግብፅ ውስጥ ተመሳሳይ ወጣቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1963 አረጋገጠው። ሰው ዚንክ ሊጎድለው እንደሚችል ዓለም ያወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ያልተፈተገ እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንኩንም አይረኑንም አስሮ ይይዛቸዋል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። የእኛ እናቶች በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያቦኩት ሊጥ ከጣዕሙ በላይ የሚሠራልን ሥራ አለ።

ይህን ታሪክ ማንበብ ስጨርስ መጽሐፉን ከፍቼ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልኩ። ፕራሳድ የታካሚውን ጥፍር ነጥብ አልቆጠረም። ቁመቱን አየ፣ ደሙን አየ፣ ምን እንደሚበላ ጠየቀ፣ «አፈር» ሲሉት ሰማ። እኔ ግን «አፈር ትበላለች» ስባል ጥፍር ላይ ነበርኩ።

ነጭ ነጥብን ከዚንክ ጋር ያያዘው ሌላ ሰው ነው። ካርል ፋይፈር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ የጥፍር ነጭ ነጥብ የዚንክ እጥረት ሊሆን ይችላል የሚል አጭር ጽሑፍ አወጣ። እርሱ ያለው «ሊሆን ይችላል» ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ወድቆ «ነው» ብቻ ቀረ። ዚንክ በርግጥ ሲጎድል የሚያሳየው ምልክት ሌላ ነው። የልጅ እድገት ይዘገያል፣ ተቅማጥ ይመላለሳል፣ ቁስል አልሽር ይላል፣ የምግብ ጣዕም ይጠፋል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ አፍና እጅ ዙሪያ ቆዳ ይቆስላል። ለዚህም ነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ የሚሰጡት። እዚያ ቦታው ላይ ሕይወት ያድናል። ያለ ምክንያት ለወራት በብዛት ሲወሰድ ግን መዳብ የተባለውን ማዕድን ከሰውነት ያሳጣል፤ እርሱ ሲጎድል ደግሞ ተመልሶ ደም ማነስ ይመጣል፣ ነርቭም ይጎዳል።

ይህን ስጽፍ እጥረት የለም እያልኩ እንዳይመስል። እጥረት አለ፤ ሞልቶ ተርፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላይ ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 38 በመቶው ቀንጭረዋል። ዚንክም ደም ተወስዶ ሲለካ ከሦስት ሕፃናት በአንዱ ላይ ያህል ጎድሎ ተገኝቷል። እንደዚህ ባለ አገር አንዲት መምህርት የልጅን ጥፍር አይታ ብትደነግጥ አይገርምም። የሚያሳዝነኝ ድንጋጤው ወደ ተሳሳተ ቦታ መሄዱ ነው። ደም ማነስ ያለባት ልጅ ጥፍሯ ላይ አንድ ነጥብ ላይኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ማንም አይደነግጥላትም።

ጤፍ አይረን አለው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን አውድማ ላይ ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር የሚመጣው አይረን ብዙ ነው፣ እርሱን ደግሞ ሰውነት እንደ ልብ አይጠቀምበትም። የእኛ ልጆች ጠዋት ዳቦ በሻይ በልተው ነው የሚወጡት። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ያግዱታል። ካልሲየምም ከምግብ ጋር ሲሰጥ እንዲሁ ያደርጋል። እኔ «ምግብ ስትበላ ስጫት፣ ሆዷን እንዳያማት» ብዬ ነበር የሸጥኩላት። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አይረን በጎደላት ልጅ ማዕድ ላይ ያን ሽሮፕ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

ጥፍር ምንም አይናገርም ማለትም ስህተት ነው። አይረን ለረጅም ጊዜ ሲጎድል ጥፍሩ ይሳሳና መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ማንኪያ ይመስላል፣ የውኃ ጠብታ ቢያስቀምጡበት ይይዛል። ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቶ ጫፉ ላይ ብቻ ጠባብ ቀይ መስመር ሲቀር፣ ጉበት መታየት አለበት፤ ሪቻርድ ቴሪ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ነው በጉበት ሕሙማን ላይ ያስተዋለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሮበርት መርኬ የደማቸው ፕሮቲን በጣም ያነሰ ሕሙማን ጥፍር ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጋደሙ ነጭ መስመሮችን ገለጠ። ጥፍሩን ጫን ሲሉት መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ ጥፍሩ ሲያድግም አብረው አይሄዱም፤ ያሉት ከጥፍሩ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ነውና። የእኔዋ ነጥብ ግን ብጫናትም አለች፣ በየሳምንቱም ትጓዛለች። ሁሉም ጣቶች ላይ በአንድ ጊዜ የሚጋደም ነጭ መስመር ከወጣ፣ ጥፍሩ ኖራ የመሰለና ሲፍቁት የሚረግፍ ከሆነ፣ ወይም ነጩ እየሰፋ ከሄደ ሐኪም ይየው። አንዳንዱ ፈንገስ ነው፤ በሌላ መድኃኒት ይድናል።

አሁን ሰው ጣቱን ዘርግቶ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው እጁን መገልበጥ ነው። መዳፉን ከራሴ መዳፍ ጎን አድርጌ አያለሁ። የነጣ መዳፍ ከነጭ ነጥብ አሥር እጥፍ ይናገራል። ልጅ ከሆነ፣ አፈር ይበላል ወይ? ይደክመዋል ወይ? የትላትል መድኃኒት የወሰደው መቼ ነው? ጠዋት ምን ይጠጣል? እላለሁ። ጥርጣሬ ካለኝ ጤና ጣቢያ እልካለሁ፤ የደም ምርመራው ከሽሮፑ ይረክሳል። ጥርጣሬ ከሌለኝ «ምንም አይደለም፣ ይሄዳል፤ በዚህ ገንዘብ እንቁላል ግዙ» እላለሁ። ሁለት ሦስት ሰው ተቆጥቶኝ ሌላ መድኃኒት ቤት ሄዶ ገዝቷል። ባለቤቱም አንድ ቀን «ደንበኛ እያባረርሽ ነው» ብሎኛል። ይሁን።

ያቺን እናት ግን ዝም ብዬ መተው አልቻልኩም። ከምስጋናው ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ እየነሳኝ ከረመ። አንድ ጠዋት የልብስ ዘንቢሏን ይዛ በበሩ ስታልፍ ጠራኋት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። ካልሲየሙ ነጥቡን እንዳላጠፋው፣ ያኔም እንደማያስፈልጋት፣ «አፈር ትበላለች» ስትለኝ ያን ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ልልካት ይገባ እንደነበር፣ ሁለት ወር እንዳዘገየኋት። ነጥቡ ምግብ ስላላበላቻት የመጣ እንዳልሆነም ነገርኳት። የሽሮፑን ገንዘብ በፖስታ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልቀበልም አለች፤ ለምኜ አስያዝኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ነጥቡ ከየት መጣ?» አለችኝ።

«ጥፍሯ ሲመታ፣ ሲጫን የሚመጣ ነው። በር ቆንጥጧት ይሆን? ጥፍሯን ትነክሳለች?»

«አትነክስም» አለች። ቀኝ እጇን አነሳች። አውራ ጣቷን፣ ጠቋሚ ጣቷንና የመሐል ጣቷን ለጉርሻ እንደሚሰበስብ ሰው ገጠመቻቸውና ባንኮኒው መስታወት ላይ በጥፍሮቿ ጫፍ ጫን አድርጋ ወደ ታች ፋቀች፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«በእነዚህ ነበር እኮ» አለችኝ፤ «ግድግዳውን የምትፍቀው።»